የኩል ጥይት

ጥይት ተወደደ ብለው ወንዶች ሲያላዝኑ መስማት እንዴት ደስ ይላል! ቅቤ ሲወደድ ትንፍሽ አላሉም። ጨው ሲጠፋ ትንፍሽ አላሉም። በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ግን ደባርቅ ውስጥ ሱሪ የታጠቀ ሁሉ ጥይት ስድስት ብር ገባ ብሎ ጠጉሩን ሊነጭ ደረሰ። በጃንሆይ ጊዜ ሃምሳ ሳንቲም ነበር እኮ ይላሉ። በጃንሆይ ጊዜ ሃምሳ ሳንቲም የነበረ ስንት ነገር ነበር! ለእሱ ማን አዘነ?

እኔ የሺወርቅ ነኝ። የጃናሞራ ልጅ፣ ደባርቅ የተዳርኩ፣ ኩል ሻጭ። ድንጋዩን ራሴ እወቅጣለሁ፣ ራሴ እነፋለሁ፤ ኩሌ ዓይን አይቆረቁርም። የምሸጠው ደግሞ በቀለህ ነው። ቀለህ ማለት ጥይቱ ተተኩሶ ሲያልቅ የሚቀረው ባዶ ቤቱ ነው። እሱን አጥቤ፣ ኩል ሞልቼ፣ አፉን በእንጨት ውታፍ እደፍንና ቂጡ ላይ በቢላ ሁለት ጭረት አደርግበታለሁ። ሁለት ጭረት ያለበት ቀለህ የየሺወርቅ ነው፤ ከዳባት እስከ ጊች ያለች ሴት ታውቀዋለች። ሰው የገደለ ነገር ተመልሶ ሴት ቢያስውብ ምን ክፋት አለው?

ድሮ ቀለህን ዞር ብሎ የሚያየው አልነበረም። ሰርግ ባለ ማግስት ሜዳ ወጥቼ መሶቤን ሞልቼ እመለስ ነበር። ጥይት ሲወደድ ግን ወንዶቹ ባዶውን መልሰው መሙላት ጀመሩ። አንዱ ባሩድ ያስሳል። አንዱ ሊማሊሞ ላይ ገደል የገባ መኪና ባትሪ ፈልፍሎ እርሳስ ያቀልጣል። ሌላው ከቀለሁ ቂጥ የምትሰካውን፣ ስትመታ እሳት የምትተፋውን ትንሽ ቆብ ፍለጋ ጎንደር ድረስ ይወርዳል። ካድሬው በየስብሰባው “ራሳችንን እንቻል!” እያለ ሲጮህ ማንም የሰማው አልመሰለኝም ነበር፤ ለካ ሰምተውታል። በአንድ ዓመት ውስጥ ቀለህ አሥር ሳንቲም ገባ፣ ከዚያ ሃምሳ፣ ከዚያ ብር። ኩሉን ከነቀለሁ በብር የምሸጥ ሴት ባዶውን በብር ልግዛ?

አውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ ሱቅ ያለው አብዱልቃድር ነው የሚሸጠው። ከፊት ለፊት ሳሙናና ክብሪት፣ ከበስተኋላ ሌላ ሌላውን።

“አንተ አብዱልቃድር፣ አላህን አትፈራም?” አልኩት።

“እትዬ የሺ፣ እኔ ምን ላድርግ? ወንዱ ተሻማበት። ዛሬ በብር ካልወሰድሽ ነገ በብር ከሃምሳ ትለምኚኛለሽ።”

“ታዲያ ባሩዱንስ ከየት ታመጣዋለህ?”

ግራ ቀኝ አይቶ ሳቀ። “ከመንግሥት ግምጃ ቤት ካልሆነ ከየት ይመጣል? እኔ እንደሆንኩ አልወልደው።”

አያችሁ፣ የመንግሥት ባሩድ በጓሮ ይወጣል፣ ሕዝቡ በብሩ ገዝቶ መንግሥትን ይጠብቅበታል። እንዲህ ያለ ሥርዓት በዓለም ላይ የለም!

ይህ ሁሉ የኩል ነጋዴ እሮሮ ነበር እንጂ ጉዳዩ ቤቴ ድረስ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። የመጣው በባሌ በላቀው በኩል ነው። ላቀው የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ነው። አንድ አሮጌ ምንሽር ጠመንጃና አሥር ጥይት አስፈርመው ሰጥተውታል። ዝናሩን ሲታጠቅ ብታዩት ኖሮ አገሩን ሁሉ እሱ ተሸክሞት የቆመ ይመስላችኋል። ቤት ውስጥ ዶሮ እንኳ አርደህ ስጠኝ ስለው ዓይኑን ጨፍኖ ነው። ጥሩ ሰው ነበር፣ አልዋሽም። በአሥራ አንድ ዓመት ትዳር አንድ ቀን እጁን አላነሳብኝም፤ ገበያ ስውል እሳቱን አንድዶ ይጠብቀኝ ነበር። አንድ ብቻ ደዌ ነበረበት፤ ሰው ጀግና አይደለህም ያለው ሲመስለው ያብዳል።

በጥር ዳባት ላይ የእህቱ ልጅ ስጦታ ተዳረች። አጎትየው ምንሽሩን አንግቶ ሄደ። የሙሽራው ወገኖች ሲመጡ ሦስት ጊዜ ተኮሱ። ሴቱ እልል አለ፤ አገራችን እንደሆነ ጥይት ጮሆ እልልታ ካልተከተለው ጥይትም አይባል። እኔ የላቀውን እጅ ያዝኩ። “የተፈረመበት ነው፣ ተው!” አልኩት። “ዝም ብዬ ልመለስ?” አለኝ፣ እናቱን የሰደቡበት መስሎ። ከዚያ ለሦስቱ መልስ አራት ለቀቀላቸው። እሰይ የኔ ጀግና! ሰማዩ ቆሰለ።

ከአሥር አራት ሲቀነስ ስድስት ነው። ይህን ያወቅነው እኔና እሱ ብቻ ነበርን።

ከፋሲካ በኋላ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ገሠሠ ስብሰባ ጠራ። ሁለት ነገር አለው። አንደኛ፣ ከቀበሌው አንድ ታጣቂ ለሰሜኑ ዘመቻ ይፈለጋል፤ “በፈቃዱ የሚነሳ ጀግና!” አለ። ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ፤ ጫማ የሌለውም እግሩን አየ። ሁለተኛ፣ በሚመጣው ሐሙስ ከጎንደር ተቆጣጣሪ መጥቶ የታጣቂውን ጥይት ይቆጥራል። “አንዲት ጥይት የጎደለችበት፣ ለወንበዴ እንዳቀበለ ይቆጠራል!” አለ ገሠሠ።

ይህ ማስፈራሪያ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ዳባት ያለችው ደንበኛዬ ሸጊቱ፣ ባሏ ያርጋል ሁለት ጥይት ጎደለበት ተብሎ “ለትንሽ ጥያቄ” ወደ ጎንደር ተወሰደ። ጥያቄው ትንሽ ከሆነ ዘጠኝ ወር ሙሉ ምን ይመልሳል? ሸጊቱ ስንቅ ይዛ እስር ቤት በር ትቆማለች፣ ስንቁን ይቀበሏታል፣ ባሏን አያሳዩዋትም። ኩል ከእኔ መግዛት ካቆመች ቆየች። ለሁለት ጥይት እንዲህ ከሆነ ለአራትማ አስቡት!

ላቀው ያን ዕለት ምሳ አልበላም። “የሺ፣ ይወስዱኛል” አለኝ። እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም።

“ማንም አይወስድህም። እንገዛለን” አልኩት።

መግዛት! ለካ ከገሠሠ በቀር የቀበሌው አሥሩም ታጣቂ አጎት ነው፣ አሥሩም ሰርግ ነበረበት። ሁሉም አብዱልቃድር ጓሮ ተሰልፏል። አሻግሬ ሦስት ይፈልጋል፣ ሀብተ ሚካኤል አምስት ይፈልጋል፤ “ለመጠባበቂያ ነው” ይባባላሉ እርስ በርሳቸው፣ ሳያፍሩ። ሰኞ አንድ ጥይት በአንድ በግ ሆነ። ማክሰኞ በበግም ጠፋ። አሁን የሚገኘው ዕቃው ብቻ ነው፤ የቂጡ ቆብ ለብቻው፣ ባሩድ በመድኃኒት ብልቃጥ ለብቻው፣ እርሳስ ለብቻው፤ ዋጋው ደግሞ አይቀመስም።

“ይኸ ራስን መቻል ነው ወይስ ራስን መሸጥ?” አልኩት አብዱልቃድርን።

“እትዬ፣ ቀስ ብለሽ ተናገሪ” አለኝ።

አንዷን በጌን ሰጥቼ አራት ቆብና አንድ ብልቃጥ ባሩድ ይዤ ተመለስኩ። በቀለህማ ማን ይበልጠኛል? ከሳጥኔ አራት ባለ ሁለት ጭረት አውጥቼ ሰጠሁት። ላቀው ብረት ድስቴን ሰርቆ እርሳስ ሲያቀልጥበት ዋለ። ድስቴ በዚያው ቀረ፤ እስከ ዛሬ ወጥ አይሠራበትም። ረቡዕ ጧት ግን አራት የእርሳስ አረር አስተካክሎ፣ በአሸዋ አሽቶ፣ ከስድስቱ ጋር አሰልፎ አሳየኝ። እናቱም አትለየው! በዚህ እጅ ጌጥ ቢሠራ ኖሮ ሀብታም በሆንን።

ብልቃጡን ሊከፍት ሲል እጁን ያዝኩት።

“ቆይ እስቲ። ነገ የሚመጡት ሊቆጥሩ ነው ወይስ ሊተኩሱ?”

“ሊቆጥሩ።”

“ታዲያ የበግ ዋጋ ባሩድ ለምን ትከትበታለህ? ኩል ክተትበት። ኩልም ጥቁር፣ ባሩድም ጥቁር። ብልቃጡን ለአብዱልቃድር መልሰን በጋችንን እናመጣለን።”

ላቀው ኮስተር አለ። “ኩል? በኔ ዝናር የሴት ኩል?”

“የወንድ ኩል አለ እንዴ?”

“ሰው ቢሰማስ?”

“ማን ያሰማዋል? ጥይት አፍ የለው።”

ወደ ዝናሩ ተመለከተ። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ማቆም ነበረብኝ። አፌ ግን መች ያቆማል! ፍርሃቱ ለቀቅ ስላደረገኝ ነው መሰለኝ፣ ቀልዱ ጣመኝ። “ላቀው ኩሌ!” አልኩት። “የቀበሌው ታጣቂ፣ ባለ አራት ኩሉ!” አልኩት። ሳቀ፤ ቀልዱ እሱንም የጣመው መስሎኝ ቀጠልኩ። “ወንበዴ ቢመጣ ምን ታደርገዋለህ? አጋድመህ ዓይኑን ትኩለዋለህ?” አልኩትና እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።

እሱ ከዚያ በኋላ አልሳቀም። “እሺ፣ እንዳልሽ” አለና ኩል የያዘውን ጨርቅ ከእጄ ተቀበለ። እኔ ወደ ገበያ ወጣሁ። ስመለስ አራቱ ጥይቶች ተዘጋጅተው ዝናሩ ላይ ነበሩ፤ ብልቃጡ ግን የለም። “ለአብዱልቃድር መለስኩት፣ በጓን ቅዳሜ ያመጣታል” አለኝ። አመንኩት። በአሥራ አንድ ዓመት ዋሽቶኝ አያውቅማ።

ሐሙስ ጧት ሰፊው ሕዝብ ቀበሌው ሜዳ ላይ ተሰበሰበ። ተቆጣጣሪው ካኪ የለበሰ፣ ትልቅ መነጽር የሰካ ጓድ ነው። ቆጠረ። ገሠሠ አሥር። አሻግሬ አሥር። ሀብተ ሚካኤል አሥር። ላቀው አሥር። አሥራ አንዱም ሰው አሥር አሥር! ገሠሠ ሊያጨበጭብ እጁን አነሳ።

ጓዱ ግን መነጽሩን አወለቀ። “በሄድኩበት ቀበሌ ሁሉ ሁለትም ሦስትም ጎድሏል። እናንተ ጋ ብቻ እንዴት ሞላ?” አለ። “እስቲ ከየሰው አንዳንድ ይተኮስ።”

ሞልቶ መገኘት ወንጀል እንደሆነ ያን ቀን ተማርኩ። የሸጊቱ ስንቅ መያዣ ዓይኔ ላይ ተደቀነ። አራቱን ይተውና ከስድስቱ አንዱን ያንሳ ብዬ የማውቀውን ታቦት ሁሉ ጠራሁ።

መጀመሪያ የሊቀመንበሩ ተነሳ። ገሠሠ ጥይት የሚፈራ ሰው ነው፤ የተሰጠውን አሥር ከነማሰሪያው አስቀምጦ ነበር። ጓዱ አጎረሰ፣ አነጣጠረ፣ ቃታ ሳበ። ቀጭ። ዝም። ሌላ አጎረሰ። ቀጭ። ተናዶ አረሩን በጉጠት ነቅሎ ቀለሁን መዳፉ ላይ ገለበጠው፤ አመድ!

“ከእናንተው ግምጃ ቤት የመጣ ነው ጓድ፤ ማሰሪያውን እንኳ እዚሁ ፊትዎ ነው የፈታሁት” አለ ገሠሠ፣ እንደ ሕፃን።

የጓዱ ጆሮ ቀላ። ማሰሪያው ላይ የማን ፊርማ እንዳለ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ባሩዱ በየት በኩል አብዱልቃድር ጓሮ እንደደረሰም ለእኔ ያን ጊዜ ነው የበራልኝ። ለካ ጥይታቸውን ላያችን ላይ ያጎድሉና እኛን ይቆጥሩናል!

ከዚያማ ጉድ ሆነ። የአሻግሬ ቀጭ አለ፤ ሲከፈት የተወቀጠ ከሰል። የሌላው ቀጭ አለ፤ ጤፍ። የሀብተ ሚካኤልን ጓዱ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተና ሦስት ጊዜ አስነጠሰ፤ በርበሬ ነበር። ሕዝቡ በአንድ አፍ “ይማርዎ!” አለ። ጓዱ ማን ላይ ይጩህ? አሥራ አንዱን ቢያስር የመጀመሪያው አመድ የራሱ ነው። “ይህ... ቴክኒካዊ ጉድለት ነው” አለ በመጨረሻ ላቡን እየጠረገ። “ምንም አይደለም። ይስተካከላል።”

ኧረ እግዜር ይስጥህ! ኩላችን ከአመድ፣ ከጤፍና ከበርበሬ ጋር ተቀላቅሎ ነጻ ሊወጣ ነው። ለጉድለት የሚታሰር የለም፣ ሁላችንም ጎደሎ ነን። ሸክሙ ከትከሻዬ ወረደ። ላቀውን ልጠቅሰው ፈለግሁ፤ እሱ ግን ወደ እኔ አይመለከትም፣ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል።

የቀረው ላቀው ብቻ ነበር። ጓዱ ለወግ ያህል ከዝናሩ አንዱን መዘዘ። ቂጡ ላይ ሁለት ጭረት አየሁ። ይሁን፣ ኩል ነው፣ ቀጭ ይላል ብዬ ቆምኩ። አጎረሰ፣ ወደ ሰማይ አነጣጠረ፣ ሳበ።

ጓ!

ተራራው መልሶ ጮኸ። የታሰሩ በቅሎዎች ፈረጠጡ። ሴቱ ሁሉ ከልጅነቱ የለመደበት ነውና ሳያስብ እልልል አለ። እኔም እልል አልኩ። አዎ፣ እኔም! አፌ ከራሴ ቀድሞ እልል አለ። መሐል ላይ ስደርስ ነው ምን እንደሆነ የገባኝ፤ እልልታውን ቆረጥኩት።

ላቀው አሁን ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። ‘ኩል ነው አልሽ?’ የሚል ፈገግታ።

ጓዱ እፎይ ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ለጎንደር ይዞት የሚሄድ አንድ ጥሩ ወሬ አገኘ። “ከአሥራ አንድ ታጣቂ ጥይቱን በሚገባ የያዘ አንድ ሰው! ስምህ ማነው?”

“ላቀው።”

“ላቀው፣ አንተን የመሰለ ንቁ ታጣቂ እዚህ ሰርግ መጠበቅ የለበትም።”

ገሠሠ ይህን ነበር የሚጠብቀው። “ጓድ፣ ለዘመቻው አንድ ሰው ይፈለግብን ነበር” አለ ፈጠን ብሎ። አሥሩ ታጣቂ አጨበጨበ። እንዲህ ከልቡ ሲያጨበጭብ አይቼው አላውቅም።

የላቀው ፈገግታ ሲጠፋ አየሁት። እኔን አየኝ፣ ተናገሪ እንደማለት። ምን ልናገር? ጥይቱ የመንግሥት አይደለም፣ ቤታችን ነው የሠራነው ልበል? እንግዲያው የመንግሥቶቹ አራት የት ሄዱ ሊሉ ነው፤ ያርጋል አጠገብ ሊያስተኙት ነው። ዝም ልበል? ወደ ጦር ሜዳ ሊሄድ ነው። እኔ የሺወርቅ፣ ገበያውን በምላሴ የማተራምስ ሴት፣ ያን ቀን አንዲት ቃል አጣሁ። ከእስር ቤት በር ጦር ሜዳ ይሻላል፣ ከጦር ሜዳ ሰው ይመለሳል ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

መኪናው በማግስቱ ጧት ነበር። ስንቁን ስሰጠው “ለምን ባሩዱን አደረግክበት? ለምን ዋሸኸኝ?” አልኩት።

አንገቱን ደፋ። “‘ዓይኑን ትኩለዋለህ ወይ’ ስትይኝ ጊዜ...” አለ። “ቀልድሽን እንደሆነ አውቃለሁ የሺ። ግን ኩል ታጥቄ ሰው ፊት መቆም አቃተኝ።”

ከዚያ ከየቀበሌው ከመጡት ጋር ጫኑትና መኪናው ወደ ሊማሊሞ ቁልቁለት ገባ። ከጠመዝማዛው ሥር ድምፁ ሲርቅ ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ እስኪጠፋ ቆምኩ።

አሁን ሰማንያ ገብቷል፤ ስምንት ዓመት መሆኑ ነው። አንድ ደብዳቤ በመጀመሪያው ዓመት መጣ፣ ከዚያ ወዲያ የለም። ገሠሠ አሁንም ሊቀመንበር ነው። አሻግሬና ሀብተ ሚካኤል ከሰላቸውንና በርበሬያቸውን ታጥቀው አምሮባቸው ይኖራሉ፤ ባለፈው ወር ጥይት አሥራ አምስት ብር ገባ ብለው ሲያለቃቅሱ ሰማሁ። ስለ ላቀው ሰው ሲጠይቀኝ መንግሥት ላከው እላለሁ። መንግሥትም አይደል፣ ገሠሠም አይደል። ምላሴ ነው ላቀውን የላከው።

ያን ቀን ሕዝቡ ሲበተን ሜዳው ላይ ጎንበስ ብዬ ቀለሁን ፈልጌ አነሳሁ። ሁለት ጭረት፣ የራሴው። ገና ትኩስ ነበር። አጥቤ፣ ያን ቀን ሳይገባበት የቀረውን ኩል ሞላሁበት፤ ውታፉንም ደፈንኩት። ሴቶች እያዩት ስንት ነው ይሉኛል፤ የተሸጠ ነው እላቸዋለሁ። ኩሌንም ለሰው እሸጣለሁ እንጂ እኔ መኳል ትቻለሁ። ሰርግ ሲጠሩኝም እሄዳለሁ፣ አልቀርም፤ ብቻ ጥይት ጮሆ ሴቱ እልል ሲል፣ አፌን በነጠላዬ ጥርቅም አድርጌ እይዘዋለሁ።